ምዕራፍ አምስት፦ ከመድኃኒቱ በፊት

በካስፒያን ባሕር አቅራቢያ ባለችው ጉርጋን አንድ ወጣት አልጋ ይዞ፣ በሽታው ሐኪሞቹን ሁሉ ግራ ያጋባል። ሐኪሙ ኢብን ሲና ይጠራል። የልጁን አንጓ ይዞ የደም ሥሩን ምት እየዳሰሰ፣ ከተማዋን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው አስቀርቦ የሰፈሮቹን ስም በተራ ያስጠራል። አንዱ ሰፈር ሲጠራ ምቱ ይለወጣል። ቀጥሎ የዚያ ሰፈር መንገዶች፣ ከዚያ ቤቶቹ፣ በመጨረሻም የአንዱ ቤት ነዋሪዎች ይጠራሉ። የአንዲት ልጃገረድ ስም ሲነሣ ምቱ ተዘበራረቀ። በሽታው ፍቅር፣ መድኃኒቱም ጋብቻ ሆነ።

ታሪኩን የጻፈው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ፋርሳዊ ደራሲ ኒዛሚ አሩዲ ነው። ተረት ቢጨመርበትም ዘዴውን ራሱን ግን ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) «አል-ቃኑን» በተባለው ባለ አምስት ክፍል የሕክምና መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል። ይህ መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ማስተማሪያ ሆኗል።

የዚያ ዘመን ሐኪም በሽተኛው ፊት ሲቀመጥ የሚመረምረው ስድስት ነገር ነበር፦ የሚተነፍሰውን አየር፣ ምግብና መጠጡን፣ የሰውነቱን እንቅስቃሴና ዕረፍት፣ እንቅልፍና ንቃቱን፣ ከሰውነቱ የሚወጣውንና የሚቀረውን፣ እንዲሁም የነፍሱን ሁኔታ ማለትም ንዴቱን፣ ሐዘኑን፣ ደስታውን። ሕክምናውም ከአኗኗር ይጀምራል፤ መድኃኒት ይከተላል፤ ቀዶ ጥገና ሌላው መንገድ ነው። ኢብን ሲና ጤና ለመጠበቅ ያስቀደመው እንቅስቃሴን ነው፤ ምግብና እንቅልፍ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። እንቅስቃሴ ሲል ትግልና ሩጫ ብቻ አይደለም። አቅም ለሌለው ሰው ዥዋዥዌና የጀልባ ጉዞ ሳይቀር ጽፎለታል። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቅነት እዚህ ላይ ይታያል፤ የደከመውን ሰው «አትችልም» ብሎ አላሰናበተውም።

ይህ አስተሳሰብ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። የግብፅ ገዥ የነበረው ቀላውን ገና ሱልጣን ሳይሆን ደማስቆ ላይ ታሞ በኑረዲን ሆስፒታል ታከመ፤ ሥልጣን ከያዘም በኋላ በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ የራሱን አሠራ። ወጪው የሚሸፈነው ከወቅፍ (ለበጎ አድራጎት ከተሰጠ ንብረት) ገቢ ስለነበር ሀብታምም ድሃም፣ ወንድም ሴትም ያለ ክፍያ ይታከም ነበር። በቦታው ላይ ዛሬም የዓይን ሆስፒታል አለ። በ1488 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቱርክ በኤዲርኔ የተሠራውን የኦቶማኑን ሱልጣን የዳግማዊ ባያዚድን ሆስፒታል የጎበኘው ተጓዡ ኤቭሊያ ቸለቢ ደግሞ አሥር ሙዚቀኞች በሳምንት ሦስት ቀን ለበሽተኞች ይጫወቱ እንደነበር ጽፏል። የአእምሮ ሕሙማን በብዙ አገር ታስረው በሚሰቃዩበት ዘመን እዚያ ላሉት ሕሙማን ግን ዜማና የአበባ ሽታ ይታዘዝላቸው ነበር።

የዚያ ዘመን ሐኪሞች ስህተትም ነበረባቸው። ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ሚዛናቸውን ሲያጡ ሰው ይታመማል የሚለው መሠረታቸው ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ከዚያ የመነጨው ደም ማፍሰስም ብዙ ሰው ጎድቷል። ስለዚህ ከዚህ ቅርስ የምንወስደውን መምረጥ አለብን። ጥቁር አዝሙድ በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ የተመሰገነ፣ በእኛም ማጀት የከበረ ነው፤ ነገር ግን የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዘይቱን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።

ከቅርሱ የምንወስደው ግን ስድስቱን ነገር መመርመር ነው፤ ወደ ሐኪም ስትሄድ ሕመሙን ብቻ ይዘህ አትሂድ። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደሚያስጨንቅህ ሳትጠየቅም ንገረው። የታዘዘልህን መድኃኒት ግን በራስህ ፈቃድ አታቋርጥ።