የጫካ ቡና እና ጄሊ ፊሽ

አንዱ ተክል ሌላው የባሕር እንስሳ፤ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ለእኛ ለዊንጌት ልጆች ባሕሩ ሩቅ ነው። ቡናው ግን በየቤታችን ስለሚፈላ «ሊጠፋ ይችላል» ቢባል ማንም አያምንም። እኔም አላመንሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው አረቢካ ቡና የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዕፅዋት መዝገብ ገብቷል። ምክንያቱ የደን መመንጠርና የአየር ንብረት መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም ከ124 የቡና ዝርያዎች 60 በመቶው በአደጋ ላይ መሆናቸውን ገልጧል።

ጄሊ ፊሽ በአንጻሩ አጥንት የለው፣ ልብ የለው፣ አንጎል የለው፤ ከሰውነቱ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ሆኖም ባሕሩን ሞልቶታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን አገር የአንድ ኑክሊየር ኃይል ማመንጫ የውሃ መሳቢያ ደፍኖ ሥራ አስቁሟል! ጥበቡ ያለው በልጅነቱ ነው። ከእንቁላል የወጣው ጫጩት ዓለት ላይ ይጣበቅና ትንሽ እንቡጥ መስሎ ይኖራል። ጊዜው ካልተመቸው እዚያው ይቆያል፤ ቆይቶም ይባዛል። ሲመቸው አካሉ እንደ ተደራረቡ ሳህኖች ይሸነሸንና እያንዳንዱ ሳህን ተላቅቆ ይዋኛል።

የቡና ዘር መጠበቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአገራችን የዘር ባንክ ስንዴንና ጤፍን አድርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለብዙ ዓመታት ያቆያል። የቡና ዘር ግን እንዲህ ቢቀመጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ለማየት ያህል ከእናቴ ጓዳ ከዓመት በላይ የቆየ አሥር ጥሬ ቡና በቆርቆሮ ተከልሁ፤ አንድም አልበቀለም። አጠገቡ የዘራሁት አሮጌ ስንዴ በሳምንቱ ብቅ አለ። (እኅቴ «የእንጦጦ ብርድ ነው የገደለው» ብላ ስቃብኛለች።) ስለዚህ በጅማ አካባቢ ጮጬ በተባለ ቦታ ቡናው በቁሙ ተተክሎ ይጠበቃል። ዛፍ ደግሞ በጠርሙስ አይከተትም፤ መሬት፣ ጥላና ጠባቂ ይፈልጋል።

«ጫካው ቢጠፋ ከብራዚል አምጥተን እንተክላለን» ያለኝ ጓደኛ አለ። የብራዚል ቡና ከጥቂት ዛፎች የተራባ ስለሆነ እርስ በርሱ ብዙም አይለያይም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው ያልጎዳቸውን ዛፎች እየፈለጉ ያገኙት ከዚሁ ከአገሬው ቡና መካከል ነበር። እነዚያ ዛፎች ቀድመው ለማገዶ ተቆርጠው ቢሆን ኖሮ የሚመርጡት ባላገኙ ነበር።