ማይፓይ ቫሪያብላችሁን ምን ብሎ ነው የሚያየው?

ማይፓይ የፓይተን ኮድ ሳይሮጥ ስህተት ይለቅማል። የት መስመር ላይ እንደተጣላ ይናገራል፤ ቫሪያብሉን ምን ዓይነት አድርጎ እንደያዘው ግን ሁልጊዜ አይነግርም። ብዙ ፕሮግራመር ታዲያ ስህተቱ እስኪጠፋ ኮዱን ይነካካል። ከመነካካት መጠየቅ ይቀላል፤ መጠየቂያው ሪቪል ታይፕ ነው።

መጀመሪያ ማይፓይን በፒፕ ጫኑ። ፕሮጀክታችሁ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ካለው እዚያው ውስጥ ይሁን፤ አለበለዚያ የጫናችኋቸውን ላይብረሪዎች አያገኛቸውም።

ቀጥሎ ትንሽ ፋይል ክፈቱና «ዋጋ» የሚባል ዲክሽነሪ ጻፉ፤ ቁልፉ የዕቃ ስም፣ ቫልዩው ኢንቲጀር። (ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በፊደላችን ቢጻፍ ቅር አይለውም።) የቡናን ዋጋ በጌት አውጡና በ3 አባዙት። ማይፓይን ስታስሮጡት ማባዛቱን አይቀበልም። አሁን ከማባዣው መስመር በላይ ሪቪል ታይፕ ብላችሁ፣ ሁለቱን ቃላት በአንደርስኮር አያይዛችሁ፣ ቫሪያብሉን ቅንፍ ውስጥ አስገቡና ማይፓይን እንደገና አስሩጡት። ለማይፓይ ኢምፖርት አያስፈልግም። መልሱ «ኢንት ወይም ነን» ይሆናል። ጌት ቁልፉን ካጣ «ነን» ይመልሳላ! ቡና ዲክሽነሪው ውስጥ መኖሩን እናንተ ታያላችሁ፤ ማይፓይ የሚያየው ግን የዲክሽነሪውን ዓይነት ነው እንጂ ይዘቱን አይደለም።

«ነን» አለመሆኑን የሚያጣራ ኢፍ ጨምሩና ከውስጥም ከውጭም ጠይቁ። ውስጥ «ኢንት» ብቻ ይላል፤ ውጭ የድሮው መልስ ይመለሳል። እዚህ ላይ ኢፍን በቫሪያብሉ ስም ብቻ መጻፍ ያጓጓል። ማይፓይም ያልፈዋል፤ ነገር ግን ዋጋው 0 የሆነ ዕቃ ከ«ነን» ጋር አብሮ ይጣላል፣ ማንም አያስጠነቅቃችሁም።

ከሁሉም በላይ የምትፈሩት መልስ «ኤኒ» ይሁን። ጄሰን በሎድስ ያነበባችሁትን ጠይቁት፤ «ኤኒ» ይላል። ከእሱ የምታወጡት ሁሉ «ኤኒ» ስለሆነ፣ የስትሪንግ ሜተድ ቁጥር ላይ ብትጠሩም ማይፓይ ትንፍሽ አይልም። ስህተት የሌለው ሪፖርት ያልተመረመረ ኮድም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ላይ እየወጣችሁ በየመስመሩ ጠይቁ፤ «ኤኒ» መጀመሪያ የገባበትን ስታገኙ እዚያው ዓይነቱን ጻፉ። የጻፋችሁትን ማይፓይ አምኖ ይቀበላል እንጂ ዳታውን አይፈትሽም፤ ፍተሻው የእናንተ ሥራ ነው።

ዓይነት ምንም ያልተጻፈበት ፈንክሽን ውስጥ ብትጠይቁም መልሱ «ኤኒ» ነው፤ ማይፓይ እንዲህ ያለውን ፈንክሽን ውስጡን ሳያይ ነው የሚያልፈው። ቼክ አንታይፕድ ዴፍስ የሚለውን አማራጭ ስታበሩ ይገባበታል።

ቪኤስ ኮድ ላይ ማውዙን ቫሪያብሉ ላይ ማሳረፍም ዓይነቱን ያሳያል፤ ፈጣን ነው። መልሱን የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ፓይላንስ የሚባለው ኤክስቴንሽን ነው፣ እሱና ማይፓይም አንዳንዴ አይስማሙም። ኮዳችሁን የሚያሳልፈው ወይም የሚመልሰው ማይፓይ ከሆነ፣ እሱኑ ጠይቁ።

ስትጨርሱ የጨመራችኋቸውን መስመሮች ፈልጋችሁ አጥፉ። ኢምፖርት ሳይደረግ የቀረ ሪቪል ታይፕ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ኔም ኤረር ያስነሳል። በ2022 ከወጣው ፓይተን 3.11 ወዲህ ከታይፒንግ ሞጁል ኢምፖርት ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ የቫልዩውን ትክክለኛ ዓይነት ስታንዳርድ ኤረር ላይ ያትማል።