ጀበናዋን በ30 ሴኮንድ፦ የቤት ዕቃን በፍጥነት የመንደፍ ልምምድ



በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች ሄደ። የሰፈሩ ፎቶ በብዙዎቻችን ስልክ ውስጥ አለ። በየቤቱ የነበረውን የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ ረከቦትና የዉዱእ ማንቆርቆሪያ ግን ፎቶ ያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ዕቃ ደግሞ ከሰው ጋር ቢሄድም አዲሱ ቤት ካልተመቸው ይጣላል። ስለዚህ ሳይጣል ተመልክተን በወረቀት ብናኖረው መልካም ነው።

መሳል ይፈቀዳል ወይ?

ብዙ ተማሪዎች የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በሥዕል የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መጥቶ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ማስጠንቀቂያ ነገሩት፤ ሰውየው ሲደነግጥ፣ ሥራው ግድ ከሆነበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መከሩት። ጀበናና መሶብ ነፍስ የላቸውም። ስለ ሰውና እንስሳ ሥዕል ዝርዝሩን ዑለማኦችን እንጠይቅ።

ጊዜው ለምን ይገደባል?

ጀማሪ አንድ ሰዓት ከተሰጠው ከመሶቡ ጌጥ ይጀምራል፤ ጌጡ ሲያልቅ መሶቡ ተንጋዶ ይገኛል። 30 ሴኮንድ ብቻ ካለው ግን ዋናውን ቅርጽ ከማየት ሌላ አማራጭ የለውም። ፈጣን ንድፍን ለተማሪዎች ልምምድ አድርጎ በሰፊው ያስተዋወቀው የኪሞን ኒኮላይዲስ መጽሐፍ የታተመው በ1941 እ.ኤ.አ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

እንዴት እንለማመድ?

እርሳስ ወይም እስክሪብቶ፣ ጀርባው ያልተጻፈበት ሃንድአውትና የስልክ ሰዓት ይበቃናል። ላጲስ አያስፈልግም፤ የተሳሳተው መስመር ባለበት ይቆይ፣ ትክክለኛው በላዩ ይሰመር።

1. 30 ሴኮንድ፣ 5 ጊዜ። የጀበናዋ ሆድ ክብነት፣ የአንገቷ አቅጣጫና ማዘንበሏ ብቻ። እጃችንን ከጣት ሳይሆን ከክርን እናንቀሳቅስ።

2. 2 ደቂቃ፣ 3 ጊዜ። እዚህ መጠን እንለካለን። ክንድን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ በእርሳሱ አንገቷ ከሆዷ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚረዝም ማየት ነው። በእጀታዋና በሆዷ መካከል ያለውን ክፍተትም እንሳለው፤ ክፍተቱ ከተስተካከለ እጀታው ራሱ ይስተካከላል።

3. 5 ደቂቃ፣ 1 ጊዜ። አሁን ስኒዎቹ ይጨመሩ። ስኒ ከዓይናችን ጋር ትክክል ስትሆን አፏ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል፤ ዝቅ ባለች ቁጥር ወደ ክብ ይጠጋል። ስለዚህ ረከቦት ላይ ወደ እኛ የቀረቡት ስኒዎች ከኋለኞቹ ይልቅ አፋቸው ሰፍቶ ይታያል። በመጨረሻ ጥላው የወደቀበትን ወገን ማጥቆር ነው።

ሁሉም ተደምሮ 15 ደቂቃ አይሞላም። ከዐስር ሶላት በኋላ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ጥላውን በደንብ ያሳያል።

የሳምንቱ ሥራ

ከዶሮ ማነቂያ ወይም ከሌላ የፈረሰ ሰፈር የተነሳ ዘመድ ወይም ጎረቤት እንዘይር። ሱረቱ ኑር እንዳስተማረን ፈቃድ ጠይቀን፣ ሰላም ብለን እንግባ። እናቶችን ከድሮው ቤት ያመጡትን ሦስት ዕቃ እንዲያሳዩን እንጠይቅና በሦስቱ ጊዜያት እንንደፍ። ስንነድፍ የተሸረፈውን አፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጀታ ማየታችን አይቀርም። ያኔ "ይህ እንዴት ሆነ?" ብለን እንጠይቅ፤ የሚነግሩንን ከንድፉ ሥር ከቀኑ ጋር እንጻፍ። የቤቱን ታሪክ ከዕቃው ጋር አብረን የምናቆየው በዚህ መንገድ ነው።

አላህ የምንማረውን ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን።