ሕፃን የሚውልበት ቤት፦ ከፈቃድ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ሳይንስ

አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የጎጃም ደጋ ከተሞች ሁሉ፣ በዚህችም ከተማ ገበያተኛዋ፣ መምህርቷ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛዋ ማልዳ ስትወጣ ልጇን ለአያቱ፣ ለሞግዚት ወይም ለጎረቤት ትታ መሄዷ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎረቤቲቱ በመጠነኛ ክፍያ የሁለትና የሦስት ቤት ልጆችን ሰብስባ መዋል ስትጀምር፣ ቤቷ ስም ያልወጣለት የሕፃናት ማቆያ ሆነ ማለት ነው። ይህ ቤት ለሕፃን የሚሆን መሆኑ በምን ይለካል? ጉዳዩ የሕግ ቢመስልም መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በሥነ ሕይወት ትምህርት ውስጥ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 3 ላይ፣ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማትና አገልግሎቶች ሥልጣን ያለው አካል ያወጣውን የደህንነት፣ የጤና፣ የሠራተኛ ቁጥርና የቁጥጥር ደረጃ እንዲያሟሉ ያዛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ድንጋጌው የተጻፈው ለመሥሪያ ቤት ነው፤ በጎረቤት ጓዳ የሚውለውን ሕፃን አልተመለከተም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በደጋው ብርድ ቤት ከሚዘጋባቸውና ከሰል ከሚቀጣጠልባቸው ምክንያቶች አንዱ ለልጆቹ ሙቀት መፈለጉ ነው። ከሰል በበቂ ኦክስጅን ሳይነድ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም፤ ጭስ ስለማይታይበትም ፍም የሆነ ከሰል ደህና ነው ተብሎ ይታመናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ጥቂቱ እንኳ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይነጥቃል።

መጠኑን በቀላል ሒሳብ እንገምት። ወለሉ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ጥናቶች የሚሰጡት ቁጥር እንደ ምድጃው ዓይነት ቢለያይም፣ አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 200 ግራም ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል ብለን እንነሣ። ለአንድ ቡና ማፍያ በአንድ ሰዓት 100 ግራም ከሰል ቢነድ 20 ግራም ጋዝ ይወጣል። ክፍሉ ፈጽሞ የተዘጋ ቢሆን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ወደ 890 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በር ገርበብ ብሎ የክፍሉ አየር በሰዓት 10 ጊዜ ቢለወጥስ? መጠኑ ወደ 89 ሚሊ ግራም ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት የፈቀደው ግን 35 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ «በሩን ገርበብ አድርጊው» የሚለው የተለመደ ምክር፣ በዚህ ስሌት መሠረት፣ አይበቃም፤ ከሰሉ ውጭ መቀጣጠልና ሕፃናቱ ካሉበት ክፍል መራቅ አለበት።

ሁለት ነገሮች ጉዳቱን ያከብዱታል። አንደኛው ከፍታው ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን አስቀድሞም አነስተኛ ነው። ሁለተኛው ሕፃኑ ራሱ ነው። ለክብደቱ ሲሰላ ከአዋቂ ሰው በእጥፍና ከዚያ በላይ አየር ስለሚተነፍስ፣ ሞግዚቷ ራስ ምታት ብቻ በሚሰማት ክፍል ውስጥ እርሱ በጽኑ ሊታመም ይችላል። «ምን እንደ ሆነ አላውቅም፣ ዛሬ ብቻ እንቅልፋም ሆነ» ማለት ብቻም አይችል!

ከፍታው በፈላ ውሃም ላይ ይንጸባረቃል። ውሃ በዚህ አካባቢ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። አንዳንድ ተማሪ «እንግዲያው የደጋ ውሃ ብዙም አያቃጥልም» ሊል ይችል ይሆናል። ሆኖም 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንኳ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ የሳሳ ነው። ምድጃችንና ጀበናችን የሚቀመጡት ወለል ላይ፣ ማለትም ለሚድኸው ሕፃን በእጁ ልክ መሆኑን እናስታውስ። ስለሆነም መለኪያው ሞግዚቷ «ጠንቃቃ ናት ወይ?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም። ጥንቃቄ ይደክማል፤ በማብሰያውና በልጆቹ መካከል የሚዘጋ በር ወይም አጥር ግን አይደክምም። ቃጠሎ ቢደርስ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማቆየት እንጂ ሊጥ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም።

በለስላሳ መጠጥና በውሃ ጠርሙስ የሚቀመጥ ላምባ፣ በረኪና ወይም የአረም መድኃኒት ሌላው አደጋ ነው። በገበሬው ቤት ይህ እጅግ የተለመደ ነው። ላምባ የጠጣን ልጅ ማስመለስ ስሕተት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ፈሳሹ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ የሳንባ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ልጁን ሳያስመልሱ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ከዚህ ጋር የውሃ ባልዲም ይታሰብ፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ለታዳጊ ሕፃን መስጠም በቂ ነው።

አንድ ሰው ስንት ልጅ ይጠብቅ? በእንግሊዝ በቤቷ ሕፃናትን የምትንከባከብ ሴት ከ8 ዓመት በታች ከ6 ልጆች በላይ እንዳትይዝ ተወስኗል። ከእነዚህም ትንንሾቹ ከ3፣ ዓመት ያልሞላው ደግሞ እንደ ደንቡ ከ1 መብለጥ የለበትም። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ ሊመስል ይችላል። እሳት ቢነሣ ግን አንድ ሰው በሁለት ክንዱ መሸከም የሚችለው ሁለት ሕፃን ነው። አንዱን ማዘል ይቻላል ቢባል እንኳ፣ አንቀልባ ለማሰር የሚፈጀው ጊዜ በዚያች ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ አምስት ያልሄዱ ሕፃናትን የምትይዝ አንዲት ሴት፣ ምንም ያህል ደግ ብትሆን፣ ሦስቱን ከእሳት ማውጣት አትችልም።

እንቅልፍም የራሱ መለኪያ አለው። ሕፃናትን በጀርባቸው ማስተኛት በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዘመቻ ከተሰበከ በኋላ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ለዚህ ወጪ አያስፈልግም፤ ምክሩ እስከ ጎረቤት ቤት መድረሱ ይበቃል።

ይህን ሁሉ በፈቃድ ማስገደድ ይቻላልን? በዚህ ላይ የጸሐፊው አስተያየት እንደሚከተለው ነው። የተለየ ክፍል፣ የታጠረ ግቢና የትምህርት ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን የሚጠይቅ ፈቃድ በአምበር ሁለት ሦስት ልጅ የምትይዘውን ሴት ያስፈራታል እንጂ ቤቷን አያሻሽልም፤ ልጆቹም በዚያው ቤት በድብቅ መዋላቸውን ይቀጥላሉ። በመሆኑም መጀመሪያ ያለ ክፍያ መመዝገብ፣ ልጆቹ ሲበዙ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ የተሻለ ነው። ጎብኚውም ከሩቅ መምጣት አይኖርበትም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት መሄድን ሥራቸው አድርገዋል። በእነርሱ ላይ ሌላ ሸክም መጨመሩ አይካድም፤ ሆኖም ከሰሉ የት ይቀጣጠላል፣ ላምባው በምን ይቀመጣል፣ ያልሄዱት ሕፃናት ስንት ናቸው፣ በጀርባቸው ይተኛሉ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አንድ ቡና እስኪፈላ ተጠይቀው ያልቃሉ፤ ቡናው ውጭ ከፈላ።