ጥፋቱ የሬዲዮው ነው ወይስ የቤቱ? ባለ ቲዩብ ሬዲዮና የመካከለኛ ሞገድ ረብሻ

ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከራሴ ስህተት ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለእረፍት ደብረ ብርሃን አያቴ ቤት ሄድኩ። አያቴ አንድ ባለ ቲዩብ ፊሊፕስ ሬዲዮ አላቸው። ከብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ዘመን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የኖረ ዕቃ ነው (ጣቢያው በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. መንግሥት ወረሰው)። "አንተ ኤሌክትሪክ ትማራለህ አይደል? እስቲ ይኼን ነገር እየው፤ ዜና ልሰማ ስል እንደ ንብ ቀፎ ይጮህብኛል" አሉኝ። እውነትም በ873 ኪሎ ኸርዝ የሚመጣው የአዲስ አበባው ጣቢያ ከከባድ "ዝዝዝ" ሥር ነበር የሚሰማው። (የድሮ ሬዲዮ መደወያ ብዙ ጊዜ በሜትር ስለሆነ የሚጻፈው 344 አካባቢ ፈልጉት፤ 300,000ን ለ873 ማካፈል ነው።)

እኔም ሳልጠይቅ ሳላጣራ ጀርባውን ፈታሁት። "አይ.ኤፍ. ትራንስፎርመሩ ከቦታው ተንሸራቷል" ብዬ ደመደምኩና ኮሮቹን በብረት ካቻቪቴ ማዞር ጀመርኩ። ሲግናል ጄኔሬተር የለ፣ ሜትር የለ፣ በጆሮ ብቻ። አንደኛው ኮር እዚያው ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ጨርሶ ጠፋ፤ ዝዝታው ግን አልጠፋም። አያቴ ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲህ ገደልከው ማለት ነው?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ሬዲዮውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤው ወደ ኮሌጅ ተመለስኩ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ በአንድ ረዳት ቴክኒሻን እርዳታ ኮሩን ቀየርን፤ በጄኔሬተርና በፕላስቲክ ማስተካከያ አይ.ኤፍ.ውን መለስነው። ጄኔሬተሩን በሽቦ ስናገናኘው ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጄኔሬተሩን ነቅለን አንቴና ስንሰካ ግን ያው ዝዝታ! ዙሪያችን ያሉትን ኮምፒውተሮች ስናጠፋ ወዲያው ቀለል አለ። ያኔ ነው ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ። ሬዲዮው አልታመመም ነበር፤ ያስታመምኩት እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። መካከለኛ ሞገድ ከ526.5 እስከ 1606.5 ኪሎ ኸርዝ ያለው ነው፤ በእኛ ክልል ጣቢያዎቹ በ9 ኪሎ ኸርዝ ይራራቃሉ። ሥርዓቱ ኤ.ኤም. ስለሆነ መልእክቱ ያለው በሞገዱ ቁመት ላይ ነው። ኤፍ.ኤም. ሬዲዮ የቁመት ለውጥን ቆርጦ የሚጥል ሊሚተር አለው፤ የኤ.ኤም. ዲቴክተር ግን ቁመቱን የቀየረውን ሁሉ፣ ዜናም ይሁን ብልጭታ፣ እኩል ወደ ስፒከሩ ይልካል። ሲግናሉ ሲደክም ደግሞ ኤ.ጂ.ሲ. ጌይኑን ከፍ ስለሚያደርግ ረብሻውም አብሮ ያድጋል። ድምፅ መጨመር ምንም የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ዝዝታውን የሚያመጣው ማን ነው? ባብዛኛው ስዊች ሞድ ፓወር ሰፕላይ ነው፦ የስልክ ቻርጀር፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል። እነዚህ የ220 ቮልቱን መብራት ወደ ዲ.ሲ. ቀይረው በብዙ አሥር ኪሎ ኸርዝ ይቆራርጡታል፤ የሚቆራረጥ ሞገድ ደግሞ ሃርሞኒክ አለው። አንድ ቻርጀር 67 ኪሎ ኸርዝ ላይ ቢሠራ 13ኛው ሃርሞኒክ 871 ላይ ይወድቃል፤ ከ873 በ2 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ይርቃል ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲው ከጭነቱ ጋር ስለሚንሸራተት ረብሻው ሰፊ ቦታ ይይዛል። ከ50 ኸርዙ መብራት የሚቀረው የ100 ኸርዝ ሞገድ ደግሞ ላዩ ላይ ይጫንበታል፤ ጆሮ የሚሰማው ያንን ነው። ሬዲዮው ሲገዛ ቤቱ ውስጥ የነበረው የድሮው ባለ ክር አምፖል ብቻ ነበር፤ እሱ ምንም አይቆራርጥም።

የአያቴ ቤት ላይ ሌላም ነገር ተጨምሯል። ድሮ ከጣሪያው እስከ ባሕር ዛፍ ምሰሶ 15 ሜትር የሚሆን ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ቆርቆሮው ሲቀየር ሽቦው ተቆርጦ ቀረ፤ በምትኩ ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት ሜትር ሽቦ ተንጠለጠለ። ይኼ አንቴና ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ቆርቆሮ አልፎ ከሚገባው ሲግናል ይልቅ ግድግዳው ውስጥ ላለው የመብራት መስመር ነው የሚቀርበው።

ለገና ሬዲዮውን ይዤ ስመለስ ማረጋገጫው በራሱ መጣ፤ መብራት ሄደ። የአክስቴን ባለ ባትሪ ትራንዚስተር 873 ላይ አደረግኩት። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ሳለ ጣቢያው ንጹሕ ሆኖ ገባ። መብራት ሲመለስ ዝዝታውም አብሮ ተመለሰ። በማግስቱ ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ፣ ትራንዚስተሩን ይዤ፣ አንድ በአንድ እያበራሁ ሄድኩ። የሳሎኑ ቻርጀር ዋነኛው ሆኖ ተገኘ፤ ስልክ ባይሰካበትም ይጮሃል። ሁለተኛው ሪሲቨሩ ነው። ሁሉም ጠፍቶ የቀረው ከተከራዮቹ ክፍል በኩል የሚመጣው ነበር። የሰው አምፖል አውልቁ አይባልም መቼስ።

ስለዚህ የፍሬም አንቴና ሠራሁ። ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት አራት ማዕዘን ላይ 11 ዙር ሽቦ፣ እስከ 500 ፒኮ ፋራድ ከሚደርስ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ተለዋዋጭ ካፓሲተር ጋር። አንድ ተጨማሪ ዙር ለብቻው ተጠቅልሎ ወደ ሬዲዮው የአንቴናና የመሬት ቀዳዳ ይሄዳል። ፍሬሙ በጠርዙ በኩል ካለ ጣቢያ አብዝቶ ይቀበላል፤ ፊት ለፊቱ ካለው ምንም ያህል አይቀበልም። አዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ፣ ተከራዮቹ በሰሜን ምዕራብ መሆናቸው ዕድሌ ነበር። ረብሻው በመብራት ሽቦው ሁሉ ስለሚሄድ ግን አንድ ጥርት ያለ አቅጣጫ የለውም፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ጩኸት ሁሉ ከቤት ነው ማለቴ አይደለም። በክረምት የመብረቅ "ቸርር" አለ። ማታ የዲ ንብርብር ሲሳሳ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉ ጣቢያዎች ይደርባሉ። አይ.ኤፍ.ው 455 የሆነ ሬዲዮ ደግሞ 910 አካባቢ የራሱን ፉጨት ያሰማል፤ የ455 እጥፍ ነው።

ለመክፈት ለምትቸኩሉ አንድ ነገር አደራ። አንዳንድ የድሮ ሬዲዮ ፓወር ትራንስፎርመር የለውም፤ የመብራቱ አንድ ገመድ በቀጥታ ቻሲው ላይ ነው። ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ ብረቱን የነካ ሰው 220 ቮልት ነካ። እንዲህ ባለው ላይ የመሬት ሽቦ በቀጥታ ቻሲው ላይ ማሰር አይቻልም። የአያቴ ትራንስፎርመር አለው፤ እኔ ግን ያንን ያወቅኩት እጄን ካስገባሁ በኋላ ነው። ከመብራት መስመሩ ወደ ቻሲ የታሰረው የወረቀት ካፓሲተርም በዕድሜ ስለሚያፈስ፣ ለመብራት መስመር ተብሎ በተሠራ የደህንነት ካፓሲተር መቀየር አለበት።

አያቴ ፍሬሙን ሲያዩ "ይኼ ደግሞ የልብስ ማስጫ ነው?" አሉ። መስኮቱ አጠገብ አቁሜ ትንሽ አዞርኩት፤ የዜና አንባቢው ድምፅ ወጣ። ሥሩ ትንሽ ዝዝታ ቀርቷል። አያቴ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና ወደ አክስቴ ዞር ብለው፣ ዜና ሰዓት ሲደርስ የሳሎኑ ቻርጀር እንዲነቀል አዘዙ።