ስለ ትንንሽ ማራገቢያዎችና ስለ ኤሌክትሪክ መለወጫ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአማኑኤልም ሆነ በቢቸናና በሞጣ፣ የደጋው ሰው ነፋስን ከደጁ ያለ ዋጋ ያገኛል። ነገር ግን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ለሚኖረው ቆለኛ፣ መስኮቱ ጠባብ ለሆነ የትምህርት ክፍልም ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ የምትጠቅምበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለችው ማራገቢያ ከተበላሸ ኮምፒዩተር ተነቅላ ልትገኝ ትችላለች። ብዙውን ጊዜ የምትሠራውም በ12 ቮልት፣ አቅጣጫውን በማይለውጥ ኤሌክትሪክ ነው።

በኢትዮጵያ ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ኤሌክትሪክ ግን 220 ቮልት ነው፤ አቅጣጫውንም እየለዋወጠ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ማራገቢያዪቱን ከሶኬቱ ጋራ በቀጥታ ያገናኘ ሰው ማራገቢያዪቱን ያቃጥላታል፤ የተላጠውን ሽቦ በእጁ ቢነካም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን ታላቅ ኃይል አሳንሶና አቅንቶ የሚሰጠው በተለምዶ አዳፕተር የሚባለው መለወጫ ነው።

ቮልትና አምፔር የሚባሉትን ለተማሪ ለማስረዳት የውሃ ወፍጮ ይበቃል። ውሃው የሚወድቅበት ከፍታ ቮልትን፣ በቦዩ የሚወርደው የውሃ ብዛት አምፔርን ይመስላል። በ1950ዎቹ ዓመታት ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም ጕልበቱን ያገኘው ከእነዚሁ ከሁለቱ፣ ከውሃው ከፍታና ብዛት ነው።

በመለወጫው ጀርባ የተጻፈው የቮልት ቍጥር ከማራገቢያዪቱ ጋራ ትክክል መሆን አለበት። አምፔሩ ግን ቢበልጥ አይጎዳም፤ ብዙዎች «ትርፉ ማራገቢያዪቱን ያቃጥላታል» ብለው ይፈራሉ፤ እርሷ ግን የሚያስፈልጋትን ያህል ብቻ ትወስዳለች። ባለ 5 ቮልቱ የስልክ መሙያ ለባለ 12 ቮልቷ ቢሰጥ ቀስ ብላ ትዞራለች፣ ወይም ጭራሽ አትነሣም። ባለ 5 ቮልቷ ለ12 ቮልት ብትሰጥ ግን ትቃጠላለች። በመውጫው ቍጥር አጠገብ የሞገድ ምልክት ያለበት መለወጫ ኤሌክትሪኩን አላቀናውምና ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አንዲቱ ማራገቢያ 0.2 አምፔር ብትወስድ፣ ባለ 1 አምፔር መለወጫ በሒሳብ አምስት ይሸከማል። ነገር ግን ማራገቢያ ስትነሣ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ስለምትስብ አራት ቢሆኑ ይሻላል። ሲያያዙም ቀይ ሽቦ ሁሉ ከመለወጫው አዎንታዊ ጫፍ፣ ጥቍር ሽቦ ሁሉ ከአሉታዊው ጫፍ ጋራ ይገናኛል። አንዲቱ ከሌላይቱ ጅራት ብትቀጠል ግን ቮልቱን ተካፍለው ሁለቱም ይደክማሉ።

ከባድ የሆነው የድሮ መለወጫ ሸክም ሲያንስበት ከተጻፈው በላይ ቮልት ሊሰጥ ይችላልና አስቀድሞ በመለኪያ ይፈተን። መገጣጠሚያው ሁሉ በማይተላለፍበት ቴፕ ይጠቅለል። የመለወጫው ሣጥን ከተሰነጠቀ ወይም እጅን እስኪያቃጥል ከጋለ ከሶኬቱ ይነቀል እንጂ ማንም አይክፈተው። አቧራም ከክንፎቹ የሚጠረገው መለወጫው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው።