ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈው አምበል

ዛሬ በስፖርት አምዳችን የምንማረው ስለ አንድ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። «በረዶ ላይ ደግሞ ምን ጨዋታ አለ?» እንዳትሉ። የገናን ጨዋታ አስቡ፤ ግን ሜዳው በረዶ፣ ጫማው ከሥሩ ስለት ያለው፣ በጥንጉ ፈንታ ደግሞ ፓክ የሚባል ክብ ጠፍጣፋ ጎማ። ፓኩ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ እንዳይነጥርም ከጨዋታው በፊት ያቀዘቅዙታል። ከየቡድኑ ስድስት ሰው ይገባል፤ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ። በጣም ስለሚያደክም ተጫዋቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ይቀየራል፣ ትንሽ አርፎ ደግሞ ይመለሳል። እንደ እግር ኳስ የወጣ ወጣ አይባልም።

ዝዴኖ ቻራ ተከላካይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ትሬንቺን በምትባል የዛሬዋ ስሎቫኪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ የተወዳደረ የትግል ስፖርተኛ ነው። የልጁ ቁመት ግን ዝም ብሎ ይጨምራል። አሰልጣኞች «አንተ ለሆኪ አትሆንም፣ ቅርጫት ኳስ ተጫወት» ይሉት ነበር። ይሄ ለእኔ በደንብ ይገባኛል፤ ክፍላችን ውስጥ «ቀውላላው» የምባለው እኔ ነኝ። እሱ እምቢ አለ። በ1996 የኒውዮርክ አይላንደርስ ክለብ መረጠው፤ ያውም 56ኛ ሆኖ። ቀጥሎ ኦታዋ፣ ከዚያ በ2006 ቦስተን ብሩይንስ ገባና ወዲያው አምበል አደረጉት። 14 የውድድር ዘመን አምበል ሆኖ ቆየ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሊጉም ረዘም ያለ ዱላ እንዲይዝ ፈቅዶለታል።

በ2009 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የኖሪስን ዋንጫ ወሰደ። በ2011 ደግሞ ቦስተን ቫንኩቨርን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ከ39 ዓመት በኋላ ስታንሊ ካፕን አገኘ። ዋንጫውን መጀመሪያ የሚያነሳው አምበሉ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ዋንጫው አይደለም። በሆኪ አዲስ የገባን ልጅ «ሩኪ» እያሉ ማሾፍና መላላክ የቆየ ልማድ ነው። ቻራ ቃሉን ራሱ አይወደውም ነበር፤ በእሱ ቡድን የ18 ዓመቱም የ40 ዓመቱም እኩል ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ። መስከረም ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣውን ልጅ እስከ ገና ድረስ «አዲሱ» እያልን ነበር የምንጠራው። ስሙን ያወቅኩት በረኛችን ከሆነ በኋላ ነው።

በ2019 የፍጻሜው አራተኛ ጨዋታ ላይ ፓክ ፊቱን መትቶ መንጋጋውን ሰበረው። በአምስተኛው ጨዋታ ፊቱን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ አድርጎ ገባ፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። በመጨረሻ ግን ተሸነፉ። ጓደኞቼ «ጀግና ነው» ይላሉ፤ እኔ ቢያርፍ ይሻለው ነበር ባይ ነኝ። በ2022 ጨዋታ ሲያቆም 1,680 ጨዋታ ተጫውቶ ነበር፤ ያን ያህል የተጫወተ ተከላካይ በሊጉ የለም።

አሁን ጥያቄ። በ2012 ቻራ በዱላው የመታው ፓክ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የበረዶው ሜዳ ርዝመት 61 ሜትር ነው። ፓኩ በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ አሠራሩንም አሳዩ።